ግድግዳ ውስጥ ያለው ደረጃ

ሆቴሉን ያሠራው ጥጥ ነጋዴ ሁለት ነገር ማየት አይወድም ነበር ይባላል፤ ደመናና አሽከር። ለደመናው መላ አገኘ። ከባሕር ማዶ ያስመጣው መሐንዲስ በአዳራሹ አናት ላይ ባለቀለም መስተዋት ጉልላት ደፋለትና ሰማዩ ጠቆረም ነጣ ከታች ለሚያየው ቀይና ሰማያዊ ሆነ። ለአሽከሩ ደግሞ ግድግዳውን ድርብ አድርጎ አስገነባና በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ጠባብ የድንጋይ ደረጃ አስቀበረ። ምግብ አቅራቢው፣ አንሶላ ለዋጩ፣ ሽንት ቤት አጣቢው ሁሉ ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ በዚያ ጨለማ እየተሽሎከለከ ይወጣል፣ ይወርዳል። እንግዳው በበኩሉ የነሐስ መደገፊያውን እየዳሰሰ በእብነ በረዱ ደረጃ ይንጎማለላል። አልጋውን መላእክት ያነጠፉለት ይመስለዋል።

በየፎቁ ከዚያ ደረጃ ወደ ኮሪደሩ የሚያስወጣ በር አለ። በሩ ከግድግዳው የእንጨት ልባጥ ጋር አንድ ስለሆነ ለማያውቀው ሰው ግድግዳ ነው፤ እጀታም የለውም። ትሪ የያዘ ሰው በትከሻው እንዲገፋው ተብሎ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ይወዛወዛል። መሐንዲሱ እዚህ ላይ ብልጥ የሆነ መስሎት ነበር። በሩ ወደ ውስጥ ሲወዛወዝ የሚያገኘው መቆሚያ ግን ከአንድ ትሪ አይሰፋም፤ ከመቆሚያው ቀጥሎ ያለው ደረጃው ዙሪያውን የሚጠመዘዝበት የዕቃ ማንሻ ጉድጓድ ነው፤ የጉድጓዱ መከለያም ከጉልበት አያልፍም።

ሆቴሉ በተመረቀ በሳምንቱ አንዲት አስተናጋጅ የሾርባ ድስት ተሸክማ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ፣ ከኮሪደሩ በኩል አንዱ በሩን በትከሻው ገፋው። እሷም ድስቱም የተገኙት ምድር ቤት ነው። ነጋዴው ወርዶ አየና "ሾርባው ለየትኛው ክፍል ነበር?" ብሎ ጠየቀ አሉ። ሠራተኞቹ ያኔ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። በሩን ከየትኛውም በኩል የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል። በወዲያ በኩል ሰው ካለ "ቆይ" ይለዋል። መልስ ከሌለ መንገዱ ባዶ ነውና ይገፋል።

ነጋዴው እዚያው ሆቴሉ ውስጥ፣ እዚያው እብነ በረድ ላይ፣ በገዛ ወንድሙ ልጅ ጥይት ሞተ። ጥይቱ የሸረፈው ደረጃ ምንጣፉ ስር ዛሬም አለ። ከሱ በኋላ ቤቱ ሆስፒታል ሆነ፣ እስር ቤት ሆነ፣ ፍርድ ቤት ሆነ፣ ተመልሶ ሆቴል ሆነ። የመጣው ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው ቀለም መቀባት ነበር፤ ግድግዳው ሲላጥ ከነጩ ስር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ስር ቢጫ፣ ከቢጫው ስር ደግሞ ማንም ስሙን ሊጠራው የማይፈልግ ቡናማ ነገር ይወጣል። የሠራተኞቹ ሕግ ግን ማንም ቀለም ሳይቀባው ኖረ።

ይህን ሁሉ እንደ ጣቶቿ የምታውቀው የክፍሎቹ ኃላፊ ናት። የቁልፍ ዘለላው ከወገቧ ስለማይለይ "እትዬ ቁልፍ" ነው የሚሏት። ስትመጣ ከሩቅ ስለምትንሿሿ ጥሩነቷ፣ እሷን ለማማት ጊዜ ትሰጣለች ይላሉ። አግብታም ወልዳም አታውቅም። እናታቸው ስትሞት እጇ ላይ የቀረውን ታናሽ ወንድሟን አሳደገች፤ ሲጎረምስ ሆቴሉ አስገባችው፤ አሁን ባር ውስጥ መጠጥ ቀጂ ነው። ጢሙን አሳድጎ፣ ድምፁ ጎርንኖ እንኳን እሷ አሁንም "ማሙሽ" ትለዋለች።

ሥራ የጀመረ ሰሞን ሳያንኳኳ በሩን በከፈተ ቁጥር በእንጨት የልብስ መስቀያ ጣቱን ትመታው ነበር። "አንገትህ ከሚሰበር ጣትህ ይበጥ" ትለዋለች። እሱ እያለቀሰ፣ እሷም እሱን ላለማየት ፊቷን አዙራ። ኋላ ላይ እጁ ሳያዘው ማንኳኳት ለመደ። ጓደኞቹ "ማሙሽ እኮ የራሱን ቁም ሣጥንም ሳያንኳኳ አይከፍትም" እያሉ ይስቁበት ነበር። ውሸት አልነበረም።

ታጣቂዎች ከተማውን በያዙ ጠዋት ሆቴሉ ውስጥ መጀመሪያ የተመታው ሽማግሌው በረኛ ነው። ትከሻው ላይ የወርቅ ክር፣ ደረቱ ላይ ሁለት ረድፍ የነሐስ አዝራር ያለው የበረኛ ዩኒፎርም ስለሚለብስ ሠራተኛው ሁሉ "ጄኔራል" ይለዋል። ለታጣቂዎቹ አዛዥ ይህ ቀልድ አልመሰለውም።

"ማዕረግህን ተናገር" አለና በሽጉጡ እጀታ አገጩን አለው።

"በረኛ ነኝ፣ ጌታዬ" አለ ሽማግሌው፣ ጥርሱን ከነደሙ እየተፋ።

"የየትኛው ክፍለ ጦር በረኛ?"

እትዬ ቁልፍ እየተንሿሿች መጥታ መሃል ባትገባ ኖሮ እዚያው ደጃፉ ላይ ይረሽኑት ነበር። ከሽማግሌው ላይ ዩኒፎርሙን ገፈው አንዱ ታጣቂ ለበሰውና ጓደኞቹ ሰላምታ እየሰጡት ተሳሳቁ። እንግዶቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። አዛዡ ባለሰገነቱን ክፍል ያዘና ሠራተኛውን ሰብስቦ "ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ሆቴል ሆቴል ነው" አለ። እነሱም ቀጠሉ፤ ምን ምርጫ አላቸው።

ነገሩ የፈረሰው ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ጠዋት ላይ ባር ውስጥ ነው። ከሌሊት ጀምሮ ሲጠጣ ያደረ አንድ ወጣት ታጣቂ፣ መስታወት ልትወለውል የገባችውን ክፍል አጽጂ ልጅ በጸጉሯ ይዞ ባንኮኒው ኋላ ጎተታት። ቀሚሷን ቀደደው። ማሙሽ "ተው" አለው። ታጣቂው ከመጤፍ አልቆጠረውም። "ተው ብዬሃለሁ" አለው። ታጣቂው ሳቀና ልጅቷን በጥፊ አላት። ማሙሽ ወፍራሙን የሶዳ ጠርሙስ በአንገቱ ይዞ ባለ በሌለ ኃይሉ አናቱ ላይ አወረደው። ጠርሙሱ አልተሰበረም። ታጣቂው ዓይኑ እንደተገለጠ ወደቀ፤ ጫማው ጥቂት የባር ወንበሮችን ረጋግጦ ጸጥ አለ።

ሟቹ የአዛዡ የእህት ልጅ ነበር።

እትዬ ቁልፍ ጩኸት ሰምታ ስትደርስ ልጅቷ ትንቀጠቀጣለች፣ ማሙሽ ጠርሙሱን ገና አልለቀቀም። አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችም። ሁለቱንም ግድግዳው ውስጥ ከተተቻቸው። በውስጡ ደረጃ ወርደው ምድር ቤት ያለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገቡ፤ እዚያ ከጣሪያው ስር ወደ ኋላ ጎዳና የሚያወጣ የድሮ የከሰል ማስገቢያ ቀዳዳ አለ። ማሙሽ ልጅቷን በትከሻው አንስቶ አስቀደማት። እሷ እንደወጣች የቦት ጫማ ድምፅ ወደ ክፍሉ ሲመጣ ሰማና ራሱ ሳይወጣ ወደ ግድግዳው ተመልሶ ሽቅብ ሮጠ።

እትዬ ቁልፍ የእግሩን ድምፅ ከግድግዳው ውስጥ እየተከተለች በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር ደረሰችበት። ግራ ቀኟን አይታ ልባጡን ሁለት ጊዜ አንኳኳች።

"ቆይ" አለ ከውስጥ በሹክሹክታ። እሷ ናት ብሎ ስለገመተ ነው ደፍሮ የመለሰው። በሩን በስሱ ከፈተው።

"ስማኝ" አለችው። "ስድስት ሰዓት ሲደወል ሁሉም ለምሳ ይሰበሰባሉ። ያኔ ውረድና በከሰሉ ቀዳዳ ውጣ። የሰው ድምፅ ከሰማህ ወደ ላይ ተመለስ።"

"አንቺስ፣ እታለም?"

"እኔን ማን ይነካኛል? ያለኔ ሽንት ቤት እንኳን አይከፈትላቸውም።"

ሊስቅ ሞከረና አቃተው። ሸሚዙ ላይ የሌላ ሰው ደም ነበር። በመሃረቧ ልትጠርግለት ጀመረችና ጊዜ እንደሌለ አስታውሳ ተወችው። ይህ ኋላ ላይ በጣም አንገበገባት፤ እንዲያው መሃረቡን እንኳን ሳትሰጠው።

አዛዡ ሆቴሉን አስፈተሸው። ፍራሽ በሳንጃ ተተረተረ፣ ቁም ሣጥን በሰደፍ ተሰበረ፣ መታጠቢያ ገንዳ ተገለበጠ፤ ማንም ያላሰበው ግድግዳ ብቻ ቀረ። እትዬ ቁልፍ ፊት ፊት እየሄደች ክፍል ትከፍታለች፤ ቁልፉን በዝግታ ትመርጣለች። አንዱ ክፍል ውስጥ አዛዡ ትዕግሥቱ አለቀና በጸጉሯ ይዞ ግንባሯን ከበሩ መቃን ጋር አጋጨው። ደሙ ቅንድቧ ላይ ሲወርድ "የሚቀጥለው ክፍል መታጠቢያ የለውም" አለችው፣ ለእንግዳ እንደምትናገር ሆና።

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ጄኔራልን ዳግመኛ ያዙት። ሽማግሌው ስለ ደረጃው ያውቃል። ጣቶቹን አንድ በአንድ የሪሴፕሽኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው በሰደፍ መቱ።

"የት ገባ?"

"እኔ የምከፍተው በር ነው" አለ ሽማግሌው። "ሰው የምከፍት አይደለሁም።"

ከዚያ ወዲያ ራሱን ስቶ ስለነበር ሊጠይቁት አልቻሉም።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው እትዬ ቁልፍ ልቧ ትንሽ መለስ አለላት። ታጣቂዎቹ በየተራ ወደ መመገቢያው አዳራሽ መሄድ ጀምረዋል። በዚህ መሃል አዛዡ ጠራት።

"የነጣ አንሶላ አምጪ" አላት። "የእህቴን ልጅ ምድር ቤት አስወርጄዋለሁ። እዚያ ይቀዘቅዛል።"

የከሰሉ ቀዳዳ ያለው እዚያ ነው። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ልትሄድ "አንሶላው ያለው ላይ ፎቅ ነው" አለች፤ እሱ ግን የልብስ ማጠቢያውን መደርደሪያ አይቶ ነበር። ክንዷን ይዞ ይዟት ወረደ።

ሟቹ በልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ሁለት ታጣቂዎች ራስጌና ግርጌ ቆመዋል። አዛዡ ጎንበስ ብሎ የተሰነጠቀውን ግንባር ሳመው። "ለእህቴ ምን ብዬ ልንገራት" አለ። ለማንም አልነበረም የተናገረው። እትዬ ቁልፍ ለአፍታ አዘነችለት፤ ማዘኗም አበሳጫት።

አንሶላውን ስትዘረጋ ከአዳራሹ ሰዓቱ ሲደውል ተሰማ። ከዚያም ሌላ ሰው የማይሰማው፣ እሷ ብቻ ለይታ የምታውቀው ነገር፤ ግድግዳው ውስጥ የሚወርድ እግር። ወዲያው ድምፅዋን ከፍ አደረገች። "ይሄኛው አንሶላ ይበቃል ወይስ ሌላ ልጨምር፣ ጌታዬ? ይሄኛው ጠርዙ ተተኩሷል፣ ያኛው ግን ሰፊ ነው" እያለች፣ ቁልፎቿን ሆን ብላ እያንሿሿች፣ ያገኘችውን ለፈለፈች። እግሩ ቆመ። ሰምቷታል። ተመለስ፣ የኔ ጌታ፣ ተመለስ አለች በሆዷ።

"ዝም በይ" አለ አዛዡ። "ሁላችሁም ዝም በሉ። አንድ ጊዜ ለልጁ ዝም እንበልለት።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። ክፍሉ ውስጥ ጠብታ ውሃ እንኳን ይሰማ ነበር። እትዬ ቁልፍ ቁልፎቿን ስትነካ አንደኛው ታጣቂ እጇን ጨብጦ ያዘው። ዝምታው ረዘመ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሰውም ዝምታውን ይሰማል፤ ሄደዋል ብሎ ያስባል።

ኳ፣ ኳ።

ሞትን የሚሸሽ ሰው፣ በጣቱ አንጓ፣ በጨዋ ደንብ አንኳኳ። እጇ ስለመታው እጁ የለመደውን አደረገ። "ቆይ" ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት አዛዡ ወደ ልባጡ ዞሮ ሽጉጡን ባዶ እስኪሆን አራገፈበት።

በሩ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ተወዛወዘና ማሙሽ በሆዱ ወደቀ። ክንዱ እንዳንኳኳ ተዘርግቶ፣ ጣቶቹ ታጥፈው ነበር። በሩ ተመልሶ ሲወዛወዝ እግሩን መታው። እትዬ ቁልፍ ተንበርክካ ገለበጠችው፤ የሚነገር ነገር አልቀረውም፤ ደረቱ ወንፊት ሆኗል። መሃረቧን አወጣችና ያንን የጠዋቱን ደም ከአንገትጌው ላይ ትጠርግለት ጀመር።

"ለምን አንኳኳ?" አለ አዛዡ። እውነት ግራ ገብቶት ነበር። "የሚያመልጥ ሰው በር ያንኳኳል?"

"የቤቱ ሕግ ነው" አለች ቀና ሳትል። "ሳያንኳኳ የሚከፍት በወዲያ በኩል ያለውን ሰው ጉድጓድ ይከታል።"

አዛዡ ሳቀ። በዚያ ቀን የሳቀው ያኔ ብቻ ነው። "ጨዋ ገዳይ" አለ። ከዚያ በሩን በእግሩ እየገፋ ውስጡን በባትሪ አየው፤ ሽቅብ የሚዞረውን ደረጃ፣ ወደ ላይ የሚሄደውን ጉድጓድ። ዓይኑ በራ። "ይሄ ሁሉ እስከ ጣሪያ ይደርሳል? መሣሪያ በዚህ ይወጣል፣ ማንም ሳያይ። እኔ ከውስጥ ልውጣ፣ አንቺ በየፎቁ ከውጭ እየጠበቅሽ በሩ የት እንደሆነ አሳዪኝ።" ሁለቱ ታጣቂዎች ሬሳውን ይጠብቁ ዘንድ አዘዘ። ቁልፍ የታጠቀችን አሮጊት ማን ይፈራል።

ሁለቱንም፣ ገዳዩንም ሟቹንም፣ ጎን ለጎን በነጭ አንሶላ ከደነቻቸውና ወጣች። በሕይወቷ ብቻዋን ረግጣው በማታውቀው በእብነ በረዱ ደረጃ ነበር የወጣችው። ነጋዴው የከለከለውን፣ ከሱ በኋላም ማንም ያልፈቀደላትን ደረጃ በጫማዋ ሶል ላይ ባለው የወንድሟ ደም እያተመችበት ወጣች። የሚያስቆማት አልነበረም፤ ሁሉም እየበላ ነው።

አንደኛ ፎቅ ላይ ቁልፎቿ እየተንሿሹ ልባጡ ፊት ቆመች።

ኳ፣ ኳ። "አንኳኩቻለሁ፣ እትዬ ቁልፍ" አለ አዛዡ ከውስጥ፣ እየሳቀ። ስሟን ከማን እንደሰማ እንጃ።

"ይግቡ" አለችና እሱ የገፋውን በር ይዛ ከፈተችለት። ጎንበስ ብሎ መከለያውን አየ፣ ቁመቱን በዓይኑ ለካ፣ ቀጠለ።

ሁለተኛ ፎቅ ላይም አንኳኳ። "ይግቡ" አለች። ትንሽ አልቦት ነበር። "እንዴት ነው በዚህ ትሪ ይዛችሁ የምትወጡት?" አላት። "እንለምደዋለን" አለችው።

ሦስተኛ ፎቅ፣ ያቺ የሾርባዋ ሴት የወደቀችበት። ኳ፣ ኳ። እጇ ልባጡ ላይ አርፎ ነበር። ጠዋት እዚሁ ጋ "አንቺስ፣ እታለም?" ያላትን ድምፅ ሰማች፣ ወይም የሰማች መሰላት፣ እንባዋም ያኔ መጣ። "ይግቡ" አለች እንደምንም። አዛዡ ፊቷን አየና "በቃ፣ አንድ ነው የቀረው" አላት፣ እንደማጽናናት ዓይነት።

አራተኛው ፎቅ ከጉልላቱ ስር ነው። ቀይና ሰማያዊው ብርሃን ምንጣፉ ላይ ወድቋል። እትዬ ቁልፍ ቀበቶዋን ፈታች። የቁልፍ ዘለላውን እንደ ተኛ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይነካካ፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ያለ እሱ ወገቧ ቀለላት። ከልባጡ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች።

ከውስጥ እግሩ መቆሚያው ላይ ሲደርስ ተሰማት፤ ትንፋሹም። የሚንሿሻውን ነገር ሲጠብቅ ቆየ።

"አለሽ?"

መልስ አልሰጠችም።

ኳ፣ ኳ።

ሳታንኳኳ ገፋችው። በትከሻዋ፣ በደረቷ፣ ዕድሜ ልኳን ፍራሽ በገለበጠ ክንዷ ገፋችው። በሩ ከባድ ነገር መታና ቆመ፤ ሰውየው በአንድ እጁ የበሩን ጠርዝ ይዟል። ጣቶቹ ከልባጡ በዚህ በኩል ይታያሉ። በሩን ወደ ራሷ መለስ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ደግማ ወረወረችበት። ጣቶቹ ተቀጠቀጡና ለቀቁ። መከለያው ጉልበቱን ከኋላ መታው። ባትሪው እየተሽከረከረ ግድግዳውን፣ ጉድጓዱን፣ የሰውየውን የተከፈተ አፍ በየተራ አበራ። በሦስተኛው ፎቅ መከለያ ላይ ወገቡ ሲሰበር ሰማች። በአንደኛው ፎቅ ላይ ጩኸቱ ተቋረጠ። የመጨረሻው ድምፅ የመጣው ከልብስ ማጠቢያው፣ ከሁለቱ አንሶላዎች አጠገብ ነው።

ታች ታጣቂዎቹ ይንጫጫሉ። ቀጥሎ የቦት ጫማ እብነ በረዱን ይደልቅ ጀመር፤ አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከዚህ አናት ወደ ታች የሚወስደው የእብነ በረዱ ደረጃና የግድግዳው ደረጃ ብቻ ነው፤ በሁለቱም እየመጡ ነው። እትዬ ቁልፍ የትም አልሄደችም። የሚወዛወዘውን በር በእጇ ይዛ እስኪረጋ ጠበቀችው። ከዚያ ፊቷን ወደ ጨለማው ጉድጓድ አዘነበለችና፣ ቀትር ላይ ከጉሮሮዋ ያልወጣውን ቃል፣ ወንድሟ እንዲሰማው ያህል ቀስ ብላ ተናገረችው።

"ቆይ" አለች። "ቆይ፣ ማሙሽ።"